ከቁስሉ በታች የበቀለው

ሰኞ 3

ይህ ደብተር የውሃ ማጠጫ መዝገብ ነበር። ከፊት ያሉት ገጾች ላይ የአጎቴ ጽሑፍ አለ። «ጠዋት ጠጥቷል፤ ማታ ጠጥቷል» ይላል። የኋላው ባዶ ስለሆነ ውሰጂው አለኝ። ምን ልትጽፊበት ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

ሰው ፊት መናገር አልችልም። ስጽፍ ግን ቃሉ ይመጣል። ማንም ስለማያየኝ ይሆናል።

የምሠራው የአጎቴ ችግኝ ጣቢያ ነው። አጎቴ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። ያለነው ሦስት ነን። እሱ፣ እኔ፣ እና ከረጢት ውስጥ አፈር የምትሞላው ሴትዮ። ከጠዋት እስከ ማታ አፏ ስለማይዘጋ ሁሉም «ሬዲዮ» ይላታል። እሷም ስትጠራ አቤት ትላለች።

ዛሬ አዋላጇ መጡ። ጡረታ ከወጡ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ የሰፈሩን ግማሽ ያዋለዱት እሳቸው ስለሆኑ ስማቸው አልተቀየረም። እኔንም ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ እናታቸው የተከሉት ትልቅ ማንጎ አለ። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ዛፉ ይቆረጣል። ዘሩ እንዳይጠፋ ብለው ከሁለት ወር በፊት ስድስት ቀንበጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡ፤ አጎቴም ከዘር በበቀሉ ስድስት ተራ ችግኞች ላይ አዳቀለላቸው። የችግኙን አናት ይቆርጥና ግንዱን ይሰነጥቃል። ቀንበጡን እንደ ሽብልቅ አሹሎ ስንጥቁ ውስጥ ይሰካዋል፤ ከዚያ በላስቲክ ያስረዋል። ከያዘ ሥሩ የሌላ ይሆናል፣ ላዩ ግን ያው የእናታቸው ዛፍ ነው። ፍሬውን ቀብሮ ማብቀል እንደዚያ አይደለም። ከፍሬ የሚወጣው ልጁ እንጂ ራሱ አይደለም።

አምስቱ ደረቁ። ስድስተኛዋ ያዘች። ሁሉም የሚያውቀው እንደዚያ ነው።

አዋላጇ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና፣ «መንገዱ ወስዶ የሚተርፈኝ መሬት እንደ መቀነት የቀጠነ ነው» አሉ። «ልጄ ማንጎ ተዪ፣ እዚያ ላይ የሚያምረው ጭራ ሳር ነው ይለኛል። አንቺስ ምን ትያለሽ? ማንጎዋ ወይስ ሳሩ?»

ጭራ ሳር የምንለው ለጌጥ የሚተከለውን ረጅሙን ሳር ነው፤ ጫፉ ላይ የቀበሮ ጭራ የመሰለ ላባ ያወጣል። ለአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ግቢ ሦስት መቶ ጉጥ፣ ከነሥሩ የተሰነጠቀ እስር፣ ስለታዘዘን ጣቢያው በሙሉ ሳር ሆኗል።

ባልዲዬ ውስጥ ያለውን ውሃ አየሁ።

«ተይ ግድ የለም፣ ስትወለጂም እንዲሁ ነበርሽ» ብለው ሳቁ።

ስለ ስድስተኛዋ ነገ እጽፋለሁ።

ረቡዕ 5

አልጻፍኩም። ሳር ስንሰነጥቅ ዋልን። ትልቁን ጉጥ በመጋዝ ለአራት፣ ከዚያ ለስምንት። ቅጠሉ እጅ ይቆርጣል። ሬዲዮ፣ «ይሄ ሳር ቢሰነጥቁት አይሞት፣ ቢረግጡት አይሞት። እኔን ነው የሚመስል» አለች።

ዓርብ 7

እሺ።

አንድ ወር ሊሆነው ነው። አጎቴ የመሥሪያ ቤቱን ግቢ ሊለካ ሄዷል። ሬዲዮ ምሳዋን ልትበላ ወጥታለች። እኔ ጥላው ሥር ተቀምጬ ከተዳቀሉት በታች የሚበቅለውን እቀጥፋለሁ። ይህ የእኔ ሥራ ነው። አጎቴ ሁልጊዜ፣ «ከቁስሉ በታች የበቀለ ሁሉ ሌባ ነው፤ የላይኛውን ምግብ ይሰርቃል፤ በጣትሽ ቅጠፊው» ይላል፤ ቁስል የሚለው ቀንበጡ የተሰካበትን ስንጥቅ ነው። ስድስተኛዋ ላይ ደርሼ ነበር። ከላይ፣ ከቀንበጡ፣ ሁለት ቅጠል አውጥታለች። የመዳብ ቀለም የነበራቸው፣ ጥፍሬን የሚያክሉ ቅጠሎች።

የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አብረውኝ ይማሩ የነበሩ ሦስት ልጆች በአጥሩ በኩል እየመጡ ነው። ዩኒፎርም ለብሰዋል። እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። መምህሩ ቆመሽ አንብቢ ሲለኝ ድምፄ አልወጣም። በማግስቱም አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ከዚያም ቀረሁ። እነሱ የሚያስታውሱኝ በዚያ ነው።

ጭቃ የነካው ቀሚስ ለብሼ እንዳያዩኝ ብዬ ከመደቡ ኋላ ተደፋሁ። ስደፋ ክርኔ ስድስተኛዋ ላይ አረፈ። «ቀጭ» አለ። እንደ ክብሪት እንጨት።

ልጆቹ አላዩኝም። ወደ ጣቢያው እንኳን አልዞሩም።

ቀንበጡ ከነሁለት ቅጠሉ መሬት ላይ ወድቋል። መልሼ ሰካሁት፣ አሰርኩት፣ ውሃ አጠጣሁት። በአራተኛው ቀን ጠቆረ። ከበታቹ ግን አንድ ወፍራም ቡቃያ ወጥቶ ነበር። ሌባው። ያን ቀን ልቀጥፈው የነበረው። አልቀጠፍኩትም። ከቀንበጡ የወጣ እንዲመስል ላስቲኩን ከፍ አድርጌ እላዩ ላይ አሰርኩትና እንዲያድግ ተውኩት። አጎቴ ቅርብ ያለ ነገር በደንብ አይታየውም፤ መነጽር አድርግ ሲባል «ገና ሽማግሌ አልሆንኩም» ይላል። ከሩቅ አየና፣ «ይዛለች! ስድስተኛዋ ይዛለች!» ብሎ ጮኸ። አዋላጇ ቤት ድረስ ሄዶ ነገራቸው።

እኔ ምንም አላልኩም። ምንም አለማለት እንደ መዋሸት አይቆጠርም ብዬ ነበር።

ሐሙስ 13

አዋላጇ አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። ዛሬ ስድስተኛዋን አጠገባቸው አስቀመጥኩላቸው። ቅጠሏን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ብዙ ጊዜ አዩዋት።

«የእናቴ ዛፍ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ቀይ ነው። ይህቺ አረንጓዴ ሆነች» አሉ። «ገና ልጅ ስለሆነች ይሆን?»

«አዎ» አልኩ።

ስለ ስድስተኛዋ ከአንድ ወር በኋላ ከአፌ የወጣች የመጀመሪያዋ ቃል ይህቺ ናት። ዛሬ ግን ዋሸሁ። ሌላ ስም የለውም።

«አይ፣ አንቺ ካልሽ እሺ» አሉ። «አንቺ ዝም ብለሽ የምትናገሪ ሰው አይደለሽም።»

እሑድ 16

አጎቴ እኛ ቤት ምሳ ሊበላ መጣ። ለእማዬ ሲነግራት ከጓዳ ሰማሁ።

«እጄ ከድቶኛል፣ እቴ። ከስድስት አምስት ሞቶብኝ አያውቅም። ያቺ አንዷ ባትይዝ ኖሮ የማዳቀያ ስለቴን እጥለው ነበር። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ እሷን ነው የማያት።»

«በልጅቷ እጅ ናት፣ አይዞህ» አለች እማዬ። «የእኔ ልጅ እንደሆነች ነገር አታበላሽም። ዝም አይነቅዝም።»

ሳህኑን ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ዝም ይነቅዛል። ከውስጥ በኩል ነው እንጂ።

ማክሰኞ 18

አንድ ነገር አሰብኩ። አዋላጇ ሳሩን ቢመርጡስ? ችግኟ እዚሁ ትቀራለች። ፍሬ እስክታፈራ ደግሞ ስንት ዓመት አለ። እስከዚያ ማን ያስታውሳል። አጎቴም ስለቱን አይጥልም።

ስለዚህ ዛሬ ውሃ እያጠጣሁ በሆዴ አወዳደርኳቸው።

ማንጎ ሥሩ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ግድግዳ አጠገብ ከተተከለ ግድግዳውን ይገፋል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፣ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም። የወደቀው ፍሬ ዝንብ ይጠራል። ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ውሃ ካጣ ይሞታል። የተዳቀለው በአራት ዓመቱ ያፈራል፤ ያልተዳቀለው ሰባትም ስምንትም ይፈጅበታል፤ ያውም ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሆን አይታወቅም።

ሳሩ በስድስት ወሩ ይሞላል። ከወገብ አያልፍም። ሥሩ ባለበት ይሰበሰባል እንጂ ግድግዳ አይነካም። ውሃ ቢረሱትም ይቆያል። በዓመት አንድ ጊዜ ከሥሩ ማጨድ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። ንፋስ ሲነካው ያወራል።

ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ውሸት የለበትም። ታዲያ ለምን ፊቴ ይቃጠላል?

ሳሩ ጥላ የለውም። የሚበላ ነገር የለውም። ማንንም አይመስልም። ይህን አልናገርም።

ቅዳሜ 22

ተናገርኩ። ሙሉውን። ቆሜ።

አዋላጇ የመጡት ለመንገዱ ቀያሾች የግቢውን ልክ ሊሰጡ ሲያልፉ ነበር። መልሰው፣ «እንግዲህ መወሰኛዬ ደረሰ፤ ማንጎዋ ወይስ ሳሩ?» ሲሉኝ እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ። ስለ ግድግዳው፣ ስለ ዝንቡ፣ ስለ ድንጋዩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። ሬዲዮ አካፋዋን አቁማ አፏን ከፍታ ታየኛለች።

«ጉድ በል! ጣቢያ ተቀየረ! እኔ ተዘጋሁ በቃ!»

አጎቴም ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። ቆሜ ማንበብ ያቃተኝ ቀን ወደ ቤት ይዞኝ የተመለሰው እሱ ነው።

አዋላጇ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ሳሩ ይሁን። እንዲህ አስበሽልኝ እምቢ ብል ነውር ነው» አሉ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ባልዲዬን አንስቼ ለመሄድ ዞርኩ።

«ማንጎዋን ግን ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ» አሉ። «እናንተ ግቢ ትከያት። እኔ ዘሩ አይጥፋ እንጂ የትም ቢሆን ግድ የለኝም። ስታፈራ አንዲት ብቻ ታመጪልኛለሽ። በሕይወት ከኖርኩ እበላታለሁ፤ ካልኖርኩ አንቺ ብዪልኝ። የእናቴን ጣዕም አንድ ሰው ይወቀው።»

ሳሙኝ።

ቤት እስክደርስ ፊቴን አላበስኩም።

ሰኞ 24

አጎቴ ለመጣ ሰው ሁሉ፣ «እሷን ጠይቋት፣ አሁን ሻጫችን እሷ ናት» ይላል። አንድ ሰውዬ ስለ ሳሩ ጠየቀኝ። አፌ እንደ በፊቱ ተሳሰረ። የሚፈታው ለካ ለውሸት ብቻ ነው።

ዛፉ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተውበታል አሉ። የሚቆረጠው በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው።

አሁን ብናገር ቆሞ ሳለ አዲስ ቀንበጥ መውሰድ ይቻላል። ከማክሰኞ በኋላ አይቻልም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስምንት ቀን አለኝ።

ሐሙስ 27

ሳሩን ልተክል አዋላጇ ቤት ሄድኩ። ሃያ ጉጥ። አጥሩ ፈርሷል፣ ቀያሾቹ ገመድ ዘርግተዋል። ዛፉን እንዳላይ አጎንብሼ ስቆፍር ቆየሁ፤ ግን የምቆፍርበት ሁሉ ጥላው ነው። የት እሸሻለሁ።

ከአንዱ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ የዥዋዥዌ ገመድ ነበረ። እንጨቱ ገመዱን ውጦት ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። «እኔ ስድስት ዓመቴ ሳለ እናቴ ያሰረችልኝ ነው» አሉ አዋላጇ። «አላስፈታውም ብሎ በላው።»

ውሃ አመጡልኝ። ስጠጣ፣ «ስትወለጂ አላለቀስሽም» አሉኝ። «ሰማያዊ ሆነሽ ዝም። እናትሽ ‹ሞተች?› ትለኛለች። እግርሽን ይዤ ገልብጬ በጥፊ አጮልኩሽ። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ትንሽ ‹እ› አልሽ፤ ከዚያ መልሰሽ ዝም። ይህቺ ልጅ የምትናገረውን ቆጥባ ነው የመጣች አልኩ።»

አሁን ንገሪያቸው አልኩ ለራሴ። አሁን። ኩባያው ባዶ ሆኖ አፌ ላይ ቆየ።

«ሳሩ ከሦስት ቀን በኋላ ይጠጣ» አልኳቸው። ሌላ አልወጣኝም።

እሑድ 30

ነገ እናገራለሁ።

ሰኞ 1

ደብዳቤ ጻፍኩ። «ይድረስ ለእትዬ» የሚለውን ብቻ አራት ጊዜ። ቀደድኩት። ከሰዓት እስከ በራቸው ሄድኩ፤ መጥሪያውን ሳልነካ ተመለስኩ። ሬዲዮ ስመለስ አየችኝና፣ «ምን ሆነሻል፣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ትመላለሻለሽ?» አለችኝ።

ነገ ነው። ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ሠራተኞቹ ከመድረሳቸው በፊት እሄዳለሁ።

ማክሰኞ 2

ተነስቼ ፊቴን ስታጠብ የመጋዙን ድምፅ ሰማሁ። ቀድመው መጥተዋል።

ቀንበጥ መቁረጫ መቀሱንና አንድ ጆንያ ይዤ ሮጥኩ። ጆንያውን መንገድ ላይ ካለ ቦኖ ነከርኩት። ስደርስ ዛፉ ወድቋል። አናቱ በአዲሱ ሳሬ ላይ ተጋድሟል፤ ወፎቹ አሁንም በላዩ ይዞራሉ። የተቆረጠው ጉቶ ነጭ ነው፣ ውሃ እያወጣ።

የወደቀው ቅርንጫፍ ላይ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። አጎቴ አንድ ቀን፣ «እንጨት መሞቱን ቶሎ አያውቅም» ብሎኝ ነበር። ዘልዬ ገባሁ። የደረሰ፣ ዓይኑ ያበጠ፣ እርሳስ የሚያህል ቀንበጥ እየመረጥኩ እቆርጣለሁ፣ ቅጠሉን እመለምላለሁ፣ ጆንያው ውስጥ እከታለሁ። ሠራተኛው፣ «አንቺ! ውጪ ከዚያ! መጋዝ አለ!» ይላል። አልወጣሁም። ሙጫው እጄን አቃጠለኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

አዋላጇ ናቸው። ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ፀጉራቸውን ሳይሸፍኑ።

ቆምኩ። ከቅርንጫፉ መሃል ሆኜ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እያዩኝ ተናገርኩ።

«ስድስተኛዋ የእናትዎ ዛፍ አይደለችም። ይዛ ነበር። እኔ ሰበርኳት። በክርኔ። ሰው እንዳያየኝ ተደብቄ። ከዚያ ከሥር የበቀለውን አሳደግኩት። አጎቴ አያውቅም። የአጎቴ እጅ አይደለም የገደላት፣ የእኔ ነው።»

መጋዙ ቆሟል። ድምፄ ለራሴ ጮኸብኝ።

«ቅጠሏ አረንጓዴ ነው ስልሽ አዎ አልሽኝ» አሉ።

«አዎ።»

«ያ ሁሉ የሳር ስብከት… ግድግዳው፣ ዝንቡ…»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ልጅቷ አፍ አወጣች፣ ለእኔ ስትል አፍ አወጣች ብዬ።»

ይህ ከጥፊ ይብሳል። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ፤ እንደ ሕፃን፣ በድምፅ። እሳቸው አላባበሉኝም። ዞረው ቤት ገቡና በሩን ዘጉ።

እኔ እያለቀስኩ መቁረጤን ቀጠልኩ። አሥራ ሁለት ስደርስ በሩ ተከፈተ። ነጭ ፎጣ ነክረው ይዘዋል። ጆንያውን ከእጄ ቀሙኝና ቀንበጦቹን አንድ በአንድ ወደ ፎጣው አዛወሩ። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ጨቅላ ሲጠቀልሉ እንደዚህ እንደነበሩ ገባኝ።

«ጆንያ ሙቀት ይይዛል፣ ይገድላቸዋል» አሉ። ፊቴን አላዩኝም። «አልታረቅሁሽም። ግን እነዚህ መድረቅ የለባቸውም። ሂጂ።»

ለአጎቴ መናገሩ ይባስ ከበደኝ፤ ግን ፎጣውን ይዤ ስለነበር ማቆም አልቻልኩም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ።

«ይዛ ነበር?» አለ ስጨርስ።

«ይዛ ነበር። ሁለት ቅጠል አውጥታ ነበር። ቀይ።»

«ቀይ» አለ። መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «ሁለት ወር ሙሉ ሌቱን ስገላበጥ… አንቺ አጠገቤ ሆነሽ…» አልጨረሰውም። ተነስቶ ወጣ። አይመለስም ብዬ ነበር። ተመለሰና ስለቱን እጄ ላይ አስቀመጠ።

«አይታየኝም። ከዛሬ ጀምሮ አልደብቅም፣ አይታየኝም። አንቺ ትቆርጫለሽ፣ እኔ አስራለሁ።»

ሬዲዮ አሥራ ሁለት ችግኞች እያቀረበችልን እስክንጨርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ዓርብ 12

ሁለቱ ጠቁረዋል። አጎቴ መነጽር ገዛ። ሬዲዮ፣ «ዳይሬክተር መሰልክ» ብላዋለች። እኔን የሚያናግረኝ ስለ ሥራ ብቻ ነው። ይገባኛል።

ሐሙስ 18

ዘጠኙ ደርቀዋል። አዋላጇ መጥተው አዩ፤ ሬዲዮን ሰላም አሉ፣ አጎቴን ሰላም አሉ፣ ሄዱ።

ሰኞ 22

የድሮዋን፣ ማለቴ ስድስተኛዋን፣ እኛ ግቢ ተከልኳት። እንጨት ላይ በራሴ እጅ ጻፍኩላት፤ «ከዘር የበቀለች። ያልተዳቀለች።» እሷ ምን በደለች። ሌባ ያልናት እኛ ነን፤ እሷ መብቀል ብቻ ነው ያደረገችው።

ሐሙስ 25

አዋላጇ መጡ። ከቀሩት ሦስት ችግኞች ፊት ቆሙ። አጎቴ ሳር ሊተክል ወጥቷል። ሬዲዮ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ሆን ብላ ወደ አፈሯ ዞረች።

«የትኛው ነው የያዘው?» አሉ አዋላጇ። የጠየቁት እኔን ነው።

«ከአሥራ ሁለቱ አራተኛው ብቻ ነው» አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ። «እነዚህ ሁለቱ አረንጓዴ ይመስላሉ እንጂ ሞተዋል፤ ልጣቸውን ፍቄ አይቻለሁ። አራተኛውም ገና ነው። ሊሞት ይችላል።»

ጎንበስ አሉ። ከላስቲኩ በላይ፣ ከቀንበጡ ጫፍ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ተከፍታለች። ብዙ ጊዜ አዩዋት። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ፤ አልተደበቅሁም።

«ቀይ ነው» አሉ።

«ቀይ ነው።»

ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዞረው፣ «ያ ሳር» አሉኝ። «ዛፉ ከተጋደመበት ግማሹ መልሶ ቀና ብሏል። ንፋስ ሲነካው እውነትም ያወራል።»

«እሱ ሁሉ እውነት ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ። የባሰው እሱ አይደል?» አሉ። ለአፍታ ዓይኔን አዩኝ፤ ዛፉ ከተቆረጠበት ማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። «ይህቺ ከጠናች ከሳሩ መሃል ቦታ ትፈልጋለች። ከግድግዳው ራቅ አድርገን ነው የምንተክላት፤ ሥሯ ይገፋል ብለሽኛል። አካፋውን ራስሽ ይዘሽ ነይ።»